ዓባይን ተሻግሮ ቡፌ ውስጥ የቀረው

ኢንተርኔት የሚሉት ነገር ከባሕር ማዶ ተነሥቶ፣ በባሕር ወለል ላይ ተጋድሞ፣ በጅቡቲ ወይም በኬንያ በኩል አድርጎ አዲስ አበባ ይገባል አሉኝ። ይግባ። ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በመስታወት ክር ውስጥ የሚሮጥ ብርሃን በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ይሄዳልና አንዲት ሰከንድ ለሺሕ ብትከፈል ከዚያች ቁራጭ አንድ ተኩሏ ለዚህ መንገድ ትበቃዋለች። እኛ ከጎሃ ጽዮን ወርደን ደጀን እስክንወጣ ጆሯችን ይደፈናል፣ ሆዳችን ይገለበጣል፣ ከኋላ ወንበር አንዲት እናት ስለት ይሳላሉ። እሱ የዓባይን ገደል ዞር ብሎም አያየው። ደጀንን፣ ሉማሜን አልፎ ማርቆስ ይገባል፤ ወደ ሰፈሬ ይታጠፋል፤ አጥሬን ተሻግሮ ሳሎኔ ይደርሳል። ከሳሎኔ ወደ መኝታ ቤቴ ያለችውን አንዲት ግድግዳ ግን ማለፍ አቃተው።

የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት ይኸ ነው።

እኔ ይህን ስናገር "አባባ ዘመኑ አልገባቸውም" ይሉኛል። ዘመኑስ ገብቶኛል። ያልገባኝ በየወሩ ለፍጥነት እየከፈለ፣ የገዛውን ፍጥነት ዕቃ መደርደሪያ ውስጥ ቆልፎ፣ "ኔት የለም" እያለ የሚያላዝነው ሰው ነው። ፍጥነት ጨምሩልን፣ ጥቅሉን አሳድጉልን፣ መስመሩን ቀይሩልን ይላል። መጀመሪያ የመጣልህን ከቡፌው አውጣው እንጂ!

ሞገድ ለኔ አዲስ ነገር አይደለም። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የጀርመን ድምፅ ሬዲዮ ከኮሎኝ በአማርኛ ሲናገር፣ እኛ እዚህ በአጭር ሞገድ እናዳምጥ ነበር። በደርግ ጊዜ እንዲያውም ጋቢ ተከናንበን፣ ድምፁን ቀንሰን፣ አንዱን ልጅ ደጅ አቁመን። ከቆርቆሮው ጫፍ እስከ ባሕር ዛፉ ድረስ ሽቦ የዘረጋሁት እኔ ነኝ፤ ሬዲዮኑን ከመደቡ ወደ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ወደ ምሰሶው እያዞርሁ የት እንደሚሰማ የፈተንሁት እኔ ነኝ። አጭር ሞገድ ወደ ላይ ወጥቶ ከላይኛው የአየር ንብርብር ጋር ተላትሞ ይመለሳል፤ ሲመሽ ይልቅ ይጠራል። ከጀርመን የተነሣ ድምፅ ሰማይ ነክቶ ማርቆስ ጋቢዬ ውስጥ ይገባ ነበር። ዛሬ ከገዛ ቡፌዬ የተነሣ ዋይፋይ ጋቢዬ ጋ አይደርስም። ይህን አይቶ ዝም የሚል ሽማግሌ ካለ እሱ ሽማግሌ አይደለም።

የመጣውን ጠባይ ደግሞ ልንገራችሁ። ድሮ እንግዳ ሲመጣ ሰብሉ እንዴት ነው፣ ከብቱ ደኅና ነው፣ ዝናቡ ጣለ ወይ፣ እገሌ ተሻለው ወይ ተብሎ ተብሎ፣ ጠላው ሁለተኛ ሲቀዳ ነበር የመጣበት ጉዳይ የሚነሣው። በቀደም ከቢቸና የመጣ የወንድሜ ልጅ ጉልበቴን ሊስም አጎነበሰ። ስሞ ቀና ሲል ልመርቀው እጄን አነሣሁ። "ጋሼ፣ ፓስወርዱ ስንት ነው?" አለኝ። እጄ አየር ላይ ቀረ።

ፓስወርዱም የራሱ ጉድ አለው። መጀመሪያ ሲገባ የልጅ ልጄ "አባባ፣ ምን ይሁን?" ብሎ ጠየቀኝ፤ ማክበሩ ነው። "ማርቆስ በለው" አልሁት። በፈረንጅ ፊደል ጽፎ ሲያበቃ "አነሰ፤ ከስምንት ፊደል በታች አይቀበልም" አለ። ቅዱስ ማርቆስ! መንቆረር የሚባል የቆየ ስም የነበረው ከተማ ስሙን ጥሎ በስሙ የተጠራለት ወንጌላዊ፣ ለአንድ የፕላስቲክ ሣጥን አነሰው። ወዲያው የአንድ ኳስ ተጫዋች ስም ከነማሊያ ቁጥሩ ሲሰጡት ሳያንገራግር ዋጠ። አሁን የቤቴን በር የሚከፍተው እንግሊዝ አገር ኳስ የሚያባርር ጎረምሳ ነው።

ወደ ቡፌው ልመለስ። ራውተሩ የመጣ ዕለት ባለሙያው ሽቦውን ስቦ "አባት፣ የት ላስቀምጠው?" አለ። የመለሰችው የልጆቼ እናት ናት፤ በኛ ቤት የዕቃ ቦታ የሚወሰነው በሷ ነው። ውድ ዕቃ የት ይቀመጣል? ቡፌ ውስጥ። ከስኒው፣ ከብርጭቆው፣ እስከ ዛሬ የሚመጥነው እንግዳ ካልመጣለት የሠርጋችን ሳህን ጋር። በላዩ ዳንቴል ተደረገለት። በዳንቴሉ ላይ የፕላስቲክ አበባ ቆመ። በሩ ተቆለፈ፤ ቁልፉም ነጠላዋ ጫፍ ላይ ተቋጠረ። ባለሙያው ምንም አላለም። ምን ይበል? ቡና ቀርቦለታል።

ቡፌው የቆመው ደግሞ በቤቱ አንድ ጥግ፣ መንገድ በሚያዋስነው ግድግዳ ሥር ነው። ሞገዱ በዙሪያው ስለሚበተን ግማሹ ወደ መንገድ ይፈስሳል። ስለዚህ ኔት በቤቴ ውስጥ የለም፤ ከቤቴ ውጭ ግን ሞልቷል። ልጆች አጥሬን ተደግፈው ስልካቸው ላይ ሲስቁ አያለሁ። ባለ ባጃጁ ሳይቀር እዚያች ጋ ሲደርስ ሞተር ያጠፋል። ፓስወርዱን ከየት አገኙት አትበሉኝ፤ የዚያን ጎረምሳ ስምና ቁጥር የማያውቅ ልጅ በማርቆስ የለም።

የልጅ ልጄ ዩኒቨርሲቲ ነው የሚማረው። አንድ ቀን ስልኩን ይዞ ከክፍል ክፍል መዞር ጀመረ፤ ጥግ ላይ ይቆማል፣ ቁጥር ያነባል፣ ይጽፋል። "ምንድን ነው የምትቆጥረው?" አልሁት። የሞገዱን ጉልበት ነው አለ። ቁጥሩ ከዜሮ በታች ነው፤ ሲቀነስ 50 ሲያይ ፈገግ ይላል፣ ሲቀነስ 70 ሲያይ ግንባሩ ይቋጠራል፣ መኝታ ቤቴ ገብቶ ሲቀነስ 85 ሲያይ እንደ አስለቃሽ ራሱን ነቀነቀ። "ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ጥሩ ነው" ብሎ አስረዳኝ። እንዲህ ከሆነ የጡረታ ደመወዜ በጣም ጥሩ ነው ማለት ነው።

ከዚያ ግድግዳውን በጡጫው መታ መታ አደረገና ፍርዱን ሰጠ። "አባባ፣ ይኸ ግድግዳ ቆርቆሮ አለበት።"

አዎ፣ አለበት! ይህን ቤት በእንጨት፣ በጭቃና በጤፍ ጭድ ስሠራው ሁለት ክፍል ነበር። የማርቆስን ክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ዝናቡ ከጮቄ በኩል ነፋስ ይዞ ሲመጣ ከላይ አይደለም የሚዘንበው፣ ከጎን ነው። በዚያ በኩል ያለውን ግድግዳ በቆርቆሮ ለበጥሁት። ኋላ ልጆች ሲበዙ በብሎኬት ሌላ ክፍል ተቀጠለ፤ የውጩ ግድግዳ የውስጥ ሆነ፤ በላዩ ተለሰነ፣ ቀለም ተቀባ፣ ቆርቆሮው ተረሳ። ልጁ የሚለው ሞገድ ብረት ሲያገኝ ተላትሞ ይመለሳል ነው። ዝናቡም እኮ ይመለስ ነበር፤ ለዚያ ነው የመታሁት። ያኔ የሚዘንበው ውኃ እንጂ ዋይፋይ አልነበረም።

ቆርቆሮው ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት። ልጁ አንዴ ከጀመረ የቤቱን ዕቃ ሁሉ በተራ ከሰሰ። ፍሪጁ ብረት ነው ተባለ። የቁም ሣጥኑ መስታወት ጀርባው የብረት ቅብ አለው ተባለ። የብረት በሩ፣ የመስኮቱ ፍርግርግ፣ በብሎኬቱ መሐል የተቀበረው ፌሮ፣ ሁሉም በዋይፋይ ላይ አድመዋል። ጓሮ የቆመው ሮቶ ሳይቀር! "እሱ ፕላስቲክ አይደል?" ብለው፣ ፕላስቲኩን ያልፈዋል፣ ውስጡ ያለው ውኃ ነው የሚውጠው አለ። ግድግዳም ቢሆን በወፈረና በረጠበ ቁጥር ይብሳል።

ውኃ ይውጠዋል ማለቱን እንኳ አመንሁለት፤ ምክንያቱም በዓይኔ አይቻለሁ። ወር በገባ በ12 የሚካኤል ማኅበር አለን። ተራው እኔ ቤት የደረሰ ጊዜ ሳሎኑ በሰው ይሞላል፤ ያን ቀን ከቡፌው እስከ ማድ ቤቱ የሚደርሰው ጭላንጭል እንኳ ድርግም ይላል። የሰው ገላ አብዛኛው ውኃ ነው። በመሐል የተቀመጠ ማኅበርተኛ ሁሉ የሞገዱን ድርሻ ይወስዳል፤ ሰውነታቸው ሞላ ያሉት ወዳጆቼ ደግሞ አብዝተው። ባለቤቴ ይህን ስትሰማ "እንግዲህ ለዋይፋይ ብለን ማኅበሩን በቀጫጭን ሰው ልናደርገው ነው?" ብላ ልጁን ገሠጸችው። በዚህስ ከሷ ጋር ነኝ።

ሌላው ደግሞ ስሙ ሁለት ጊዜ መውጣቱ ነው። ስልኬ ላይ የቤቴ ዋይፋይ በሁለት ስም ይታያል፤ አንዱ 2.4 ይላል፣ አንዱ 5። የ2.4 ጊጋኸርዙ ሞገድ ርዝመቱ 12 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ነው፤ ዘገም ይላል እንጂ ግድግዳ ያልፋል። የ5ቱ ከዚያ በግማሽ ያጥራል፤ ፈጣን ነው፣ ግን ግድግዳ ሲያይ ቶሎ ይደክማል። ራውተሩ አጠገብ ለሚቀመጥ 5ቱ፣ ጓዳ ላለ ሰው 2.4ቱ ይሻላል ይላሉ። ይህን ለባለቤቴ ያስረዳ ይምጣ። እሷ "አምስት ከሁለት አይበልጥም?" ብላ 5ቱን ይዛ ማድ ቤት ትገባለች፤ መዝሙሩ ይቆራረጣል፤ ከዚያ እኔን ትጠራኛለች፣ የቆርቆሮው ባለቤት ነኝና።

ሰርቪስ ቤቶቹን የተከራዩት ተማሪዎች ደግሞ ሌላ ናቸው። ድሮ ተከራይ "ውኃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል?" ብሎ ነበር የሚጠይቀው። ዛሬ ክፍሉን ሳያይ ስልኩን ከፍ አድርጎ ግቢ መሐል ይዞራል። እነዚህ ልጆች ኪራይ ሊከፍሉ በመጡ ቁጥር ባለቤቴን ቡፌ ያስከፍቷታል፤ የራውተሩን አንቴና ጫፍ ወደየክፍላቸው ያዞራሉ። አንዱ ወደ ምሥራቅ፣ አንዱ ወደ ምዕራብ፤ አንቴናዎቹ ሲያዩአቸው ጦር ሜዳ ነው የሚመስሉት። የአንቴና ሞገድ ግን ከጫፉ አይደለም የሚወጣው፣ ከጎኑ ነው። ጫፉ የጠቆመበት አቅጣጫ ሁሉ የሚደርሰው ከሌላው ያነሰ ነው። ቀጥ ብሎ ቢቆም ለሁሉም በደረሰ ነበር። እኔ ይህን ከአጭር ሞገድ ሬዲዮ ዘመን ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ግን ማን ጠየቀኝ? እርስ በርስ ሲሻሙ ሁሉም ከራሱ ወሰደ። ዝም ብዬ አየኋቸው፤ ኪራዩን በሰዓቱ ይክፈሉ እንጂ።

አንድ ነገር ላይ ግን ከልጁ ጋር ተስማምተናል። ባለሙያ ከመጥራት፣ ሌላ ጥቅል ከመግዛት በፊት ኮምፒውተሩን በገመድ ራውተሩ ላይ ሰክተህ ለካው። በገመድ ፈጣን ሆኖ በአየር ከዘገመ ጥፋቱ ከቤትህ ነው። በገመድም ከዘገመ ጥፋቱ ከመስመሩ ነው። ይህን ሳያደርግ አቤት የሚል ሰው ዳኛ ፊት ቆሞ ተከሳሹን አላውቀውም የሚል ነው። ሲለኩም መለኪያውን ማወቅ ይገባል፤ የሚሸጥልን በሜጋ ቢት ነው፣ ፊልሙ የሚወርደው በሜጋ ባይት ነው፣ አንዱ ባይት ስምንት ቢት ነው። 10 ሜጋ ቢት የገዛ ሰው በሰከንድ 1.25 ሜጋ ባይት ይወርድለታል፤ እሱም ቢበዛ። ቤቱ ሁሉ የተጭበረበረ እየመሰለው ይንጫጫል።

የመስመሩን ነገር ካነሣን ደግሞ ብዙ አለኝ። ስልክ ወደዚህ አገር የገባው በምኒልክ ዘመን በ1880ዎቹ ነው፤ ከሐረር አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር ሽቦ ተዘርግቶ። ካህናቱ "የሰይጣን ሥራ ነው" ብለው ተቃወሙ ይባላል፤ እንግዲህ ቪዲዮ እየተጫነ ክብ ነገር ሲዞር ያየ ሰው ፈጽሞ ተሳስተዋል ለማለት ይቸግረዋል። የኛም ከተማ በስልክ ታሪክ አላት። በመጋቢት 1933 ዓ.ም. ጣሊያን ማርቆስን ለቅቆ ሲወጣ ስልኩን ሳይነቅል ሄደ፤ ከእንግሊዛዊው መኮንን ከዊንጌት ጦር ጋር የነበረ ጣሊያንኛ የሚያውቅ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ ስልኩን አንሥቶ፣ ዓባይ መሻገሪያ ላይ የቀረውን ጣሊያን "ብዙ ሺሕ ሠራዊት እየመጣባችሁ ነው" ብሎ አስደንብሮ አስለቀቀው ተብሎ ይተረካል። በአንድ የመዳብ ሽቦ፣ ጦር ከዓባይ ገደል ተነቃነቀ። እኔ በዚህ ሁሉ ፋይበር፣ የልጅ ልጄን ከመኝታ ቤት "ውኃ አምጣልኝ" ብዬ መልእክት ብልክለት ክቡ ነገር ይዞራል፤ በመጨረሻ በጉሮሮዬ እጣራለሁ።

በመዳብ ስልክ ሽቦ የሚመጣ ኢንተርኔት ያለው ሰው ደግሞ ሐዘኑ የተለየ ነው። ያ ሽቦ ቢበዛ በሰከንድ 24 ሜጋ ቢት ይሰጣል ይባላል፤ ግን ከማከፋፈያ ጣቢያው በራቀ ቁጥር ይሳሳል፣ 5 ኪሎ ሜትር የራቀ ቤት ፍርፋሪውን ነው የሚያገኘው። ክረምት ሲገባ መገጣጠሚያው ውስጥ እርጥበት ይገባል፣ መዳቡ አረንጓዴ ያወጣል፣ ስልኩ ይንሾካሾካል፣ ኢንተርኔቱ በየደቂቃው ወድቆ ይነሣል። ፋይበር ብርሃን ስለሚያጓጉዝ በዚህ አይታመምም። ኢንተርኔት ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1989 ዓ.ም. ጥር ላይ ነው፤ የዋይፋይ የመጀመሪያው ደንብ የጸደቀውም በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ነው። እኩዮች ናቸው። ይኸው እኔ ቤት ተገናኝተው በአንዲት ግድግዳ ምክንያት አይነጋገሩም።

በአንድ ነገር ግን አልቀልድም። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወጥቶ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ፣ የመስመር ኢንተርኔት የሚሠራበት ቤትና ሆቴል ምን ማለት እንደሆነ ሁላችን አየን። ውጭ አገር ያለ ልጁን ድምፅ ሊሰማ፣ የትምህርት ምዝገባ ሊያይ፣ መርዶ ሊያጣራ ሰው ዋይፋይ ያለበት ደጃፍ ቆመ። ያኔ ማንም "ቀስ ይላል" አላለም። ከዚያ ወዲህ እንኳ አጥሬን ተደግፎ የሚቆም ልጅ ሳይ እቆጣለሁ እንጂ አላባርርም።

አሁን ወደ ንዝንዜ ልመለስ። ቨርጂኒያ ያለችው ልጄ በቪዲዮ ስትደውል ዕለቱ በዓል ነው፤ ሁላችን ቡፌው ፊት እንሰበሰባለን። "አባዬ እንዴት ናችሁ" ብላ አፏን እንደ ከፈተች ትደርቃለች። እኛም ከፍቶ በቀረው አፏ ላይ እናወራለን። "ይሰማል? ይሰማል?" ስንባባል ካርዱ ሳይሆን ዕድሜው ነው የሚያልቀው። ጥፋቱ ሁልጊዜ ከኛ ይመስላት ነበር። አንድ ቀን ግን እሷው ቤት ምሳ በማይክሮዌቭ በሚሞቅበት ሰዓት ሁሉ እንደምትደርቅ ታወቀ፤ ማይክሮዌቭ የሚሠራው በ2.45 ጊጋኸርዝ ነው፣ ከዋይፋዩ ጎን ለጎን። እንዴት ደስ አለኝ! አሜሪካም እንደ ማርቆስ ነው። ልጄም ከዚያ ወዲህ በዚያ ሰዓት እንጀራዋን በብርዱ ትበላለች፤ ለአባቷ ስትል።

አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ያለው ልጄ ቤት ስሄድ ደግሞ ሌላ ዓይነት ጣጣ ነው። እዚያ ግድግዳ አይደለም ችግሩ፣ ጎረቤት ነው። ስልክ ስትከፍት የላዩ፣ የታቹ፣ የፊት ለፊቱ ቤት ዋይፋይ ተራ በተራ ይወርዳል። በ2.4ቱ መንገድ እርስ በርስ ሳይረግጡ የሚሄዱት ቻናሎች ሦስት ብቻ ናቸው፤ 1፣ 6 እና 11። ሁሉም ሰው ራውተሩ ከፋብሪካ በመጣበት ላይ ተቀምጦ ይጯጯሃል። ልጄ ለዚህ ተብሎ በጣም ፈጣኑን ጥቅል ገዛ። ቻናሉን ቀይር ብለው "አባባ፣ ይኸ ቴክኒክ ነው" አለኝ። የአጭር ሞገድ ሬዲዮን ቁልፍ እያሽከረከረ ከመቶ ጩኸት መሐል ኮሎኝን ለሚለይ ሰው!

ምክር ደግሞ ከዚህም ከዚያም ይዘንባል። አንዱ የቢራ ቆርቆሮ ቆርጠህ ከአንቴናው ጀርባ አድርግ ይላል፤ ይሠራል፣ ወደ ፊት የሚሄደውን ያበረታዋል፣ ወደ ኋላ ያለው ሰው ግን ተረሳ። ቤቴ ሌላ ቆርቆሮ አይጨመርም ብዬ ተገዘትሁ። አንዱ ኤክስቴንደር ግዛ ይላል። ተከራዮቹ ተዋጥተው ገዝተው ዋይፋዩ ጨርሶ በማይደርስበት ክፍል ሰኩት። ያልሰማውን ምን ብሎ ይድገም? ግማሽ መንገድ ላይ ቢሰኩት እንኳ፣ በአንድ ሞገድ እየሰማ በዚያው የሚናገረው ዓይነት ፍጥነቱን በግማሽ ይቀንሰዋል። ቨርጂኒያ ያለችው ደግሞ ሜሽ የሚባል፣ ቤቱን በሙሉ የሚያዳርስ ሦስት ሣጥን ልላክ ትላለች፤ ዋጋውን ስትነግረኝ በዚያ ብር ድሮ ስንት ጥማድ በሬ ይገዛ እንደ ነበር አሰብሁና ዝም አልሁ።

በመጨረሻ የልጅ ልጄ ያደረገው እኔ ከመጀመሪያው ዕለት ያልሁትን ነው። ቤቱ መሐል፣ ከፍ ያለ ቦታ፣ አንቴናው ቀጥ ብሎ። ቆርቆሮ ያለበት ግድግዳ ላይ ከሳሎን ወደ ውስጥ የሚያስገባ በር አለ፤ ከዚያ በር ራስጌ ላይ መደርደሪያ ተመታ፤ ራውተሩ እዚያ ወጥቶ በሁለቱም በኩል ያያል። ከባለቤቴ ጋር የተደረገው ድርድር ረጅም ነበር። ዳንቴሉ ከላይ ይሁን አለች፤ ልጁ ጨርቅ ሞገድ ባይከለክልም ሣጥኑን በሙቀት ይገድለዋል አለ። በሽማግሌ ታይቶ ዳንቴሉ ከሥር፣ አበባው ከጎን፣ ሁሉም ካለበት እንዲሆን ተወሰነ። ሽማግሌው እኔ ነበርሁ። ለሰርቪስ ቤቶቹ ደግሞ በአየር መጣሉ ቀርቶ በመሬት ገመድ ተሳበ፤ ይኸ ገመድ እስከ 100 ሜትር ድረስ ፍጥነት ሳይጥል ይወስዳል። ጫፉ ላይ ከጓዳ የወጣ አሮጌ ራውተር ተሰክቶ እዚያ ያሉትን ያዳርሳል። የተከራዮቹ ጦርነት በዚህ በረደ። ያው ጥቅል ነው፣ ያው ዋጋ ነው፤ መኝታ ቤቴ ገብቶ ሲለካ ሲቀነስ 58 አለ። ልጁ ዘፈነ። እኔ ከጡረታዬ ይበልጣል ብዬ ፈገግ አልሁ።

ታዲያ ምን ቀረህ፣ ለምን ታማርራለህ ትሉኝ ይሆናል። ልንገራችሁ። ያ ገመድ የተሳበበት ሰርቪስ ቤት መጨረሻው ላይ የግቢው መጸዳጃ አለ። አሮጌው ራውተር የተሰቀለው ከዚያ በአንድ ግድግዳ ማዶ ነው፤ ያ ግድግዳ ደግሞ ቆርቆሮ የለበትም፣ ሞገዱ እንደ ልቡ ያልፋል። በቤቴ ከሁሉ የበለጠ ዋይፋይ የሚገኝበት ቦታ የት ሆነ? እዚያ! ተማሪው ስልኩን ይዞ ይገባል፣ ሰዓት ይሆነዋል። ከውስጥ የኳስ ጩኸት ይሰማል። ደጅ ቆሜ እስላለሁ፣ በከዘራዬ ቆርቆሮ በሩን እመታለሁ፣ "ጋሼ አንድ ደቂቃ፣ ሊጨርስ ነው" ይሉኛል፤ ምኑ ነው የሚጨርሰው፣ እነሱ ወይስ ጨዋታው? አንዱ ሲወጣ አንዱ ይገባል። የልጅ ልጄ ራሱ አንድ ማለዳ ከዚያ ወጥቶ "አባባ፣ ሲቀነስ 40 ነው!" ብሎ አበሠረኝ።

እኔ ተራ የሚደርሰኝ መብራት ሲጠፋ ብቻ ነው። መብራት ሄደ ማለት ሁለቱም ራውተር ሞተ፣ ሁሉም እየተራገመ ወጣ ማለት ነው፤ ያኔ ጋቢዬን ሰብስቤ፣ ከዘራዬን ይዤ፣ ማንንም ሳልለምን እገባለሁ። ለዚህ ስል መብራት በሄደ ቁጥር እግዜር ይስጣቸው እላለሁ። አሁን ግን ሰማችሁ ወይ፣ ተከራዮቹ ተዋጥተው መብራት ሲጠፋ ራውተሩን ለሰዓታት የሚያቆይ ባትሪ ሊገዙ ነው አሉ።